ከሰሜን ሸዋ ወደ ውጭ፦ የስኮላርሺፕ ነገር

ሰሜን ሸዋ ላይ ውጭ ሄዶ መማር አዲስ ወሬ አይደለም፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሲያደብር ሰው ናቸው፣ ከአድዋ በኋላ ነው ራሺያ ሄደው የመድፍ ትምህርት የተማሩት። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ካምፓሱን የሰየመላቸው ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስም ሜዲስን የተማሩት ኤደንብራ ነው። የዛሬው ተማሪ ግን ላኪ የለውም፣ በስልኩ ራሱ ነው የሚፈልገው።

ለዲግሪ ጠጋ ብሎ የሚሞከረው የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ነው። ጥር አካባቢ ይከፈታል፣ አፕላይ ለማድረግ አያስከፍልም፣ ትምህርቱን፣ ዶርሙን፣ ትኬቱን ይችላል፣ መጀመሪያ አንድ ዓመት ቱርክኛ ያስተምራሉ፣ ግን ለዲግሪ ዕድሜህ ከ21 በታች መሆን አለበት። የሀንጋሪውም ነፃ ነው፣ ችግሩ የወር ኪስ ገንዘቡ 43,700 ፎሪንት ብቻ ነው፣ ቡዳፔስት ላይ ይቺ ምንም አትሆንም፣ ቤተሰብ ካልደጎመ ወይ ሥራ ካልተገኘ ይከብዳል። ቻይና፣ ጃፓን፣ ኮሪያም በየዓመቱ ይወስዳሉ።

ለማስተርስ የአውሮፓ ኅብረቱን ኢራስመስ ሙንዱስን የሚያህል ያለ አይመስለኝም። በወር 1,400 ዩሮ፣ የትምህርት ክፍያ የለም፣ ቢያንስ ሁለት አገር ትማራለህ፣ ደግሞ ገና ፍሬሽ ተመራቂም ይቀበላሉ። የእንግሊዙ ቼቭኒንግ ግን የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ የጀርመኑ ዳድ ኢፖስ የሚባለውም እንደዛው። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ላይ ጊዜ የሚፈጅ ልጅ አሁንም አይጠፋም፣ እሱ ለአባል አገሮች ነው፣ ኢትዮጵያ ደግሞ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም፣ አለቀ።

እንግዲህ ፉሊ ፈንድድ (ሙሉ ወጪ የሚችል) የሚባለው ብር የሚመጣው ካለፍክ በኋላ ነው፣ ልጁን የሚያስቀረው ከዛ በፊት ያለው ወጪ ነው። ፓስፖርት፣ ሰነድ ማረጋገጥ፣ የቋንቋ ፈተና ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ ያስሮጣል። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ መንገድ ሰላም ከሆነ ደርሶ መመለስ ይቻላል፣ ከመሀል ሜዳ ወይ ከዓለም ከተማ የሚመጣው ግን ማደሪያም ያስፈልገዋል። ቶፍል የሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና የሚተመነው በዶላር ነው፣ ሐምሌ 2016 ብር ከተንሳፈፈ ወዲህ ዋጋው በብር ሲሰላ ያስደነግጣል፣ በዛ ላይ ውጤቱ የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ብቻ። ስለዚህ መጀመሪያ ሬጂስትራር ሄዶ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ እንደተማርክ የሚገልጽ ደብዳቤ ማጻፍ ነው፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲ እሷን ብቻ ይቀበላል፣ ሁሉም ግን አይደለም፣ ፕሮግራሙን አንብብ።

ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮችም ይጥላሉ። ትራንስክሪፕት ላይ ሀሰን በአንድ ኤስ ተጽፎ ፓስፖርት ላይ በሁለት ከሆነ ጥያቄ ያስነሳል። ሪኮመንዴሽን የሚጽፍልህ መምህር በጂሜይል ከሚልከው የዩኒቨርሲቲውን ኢሜይል ቢጠቀም ይሻላል፣ ለመምህሩም ዴድላይኑ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ሳይሆን ወር ቀደም ብለህ ንገረው። ኦሪጅናል ዲግሪህ በኮስት ሼሪንግ (ባልተከፈለ የትምህርት ወጪ መጋራት) ከተያዘ በቴምፖ (በጊዜያዊ ዲግሪ) እና በትራንስክሪፕት ማመልከት ይቻላል። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ አማራ ክልል ላይ የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፍቶ እንደነበር ማንም አይረሳውም፣ ፎርሙን የመጨረሻ ቀን ላይ ማቆየት እዚህ አያዋጣም።

ደላላ ደግሞ አለ፣ "እኔ አስገባሃለሁ" ብሎ ብር የሚቀበል። ከላይ የጠቀስኳቸው የቱርክና የሀንጋሪ ፎርሞች ማንም በነፃ የሚሞላቸው ናቸው። ደላላው የምታመለክትበትን ኢሜይል ራሱ ከፍቶ ፓስወርዱን ከያዘ ደግሞ መልስ ሲመጣ ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው።