የቫኪዩም ክሊነር አምራቾች ፉክክር

ቫኪዩም ክሊነር ሠሪዎች ከመቶ ዓመት በላይ የተፎካከሩት በዋናነት በሁለት ጥያቄዎች ላይ ነው፦ የተሳበው አቧራ የት ይጠራቀም? የማሽኑስ ጉልበት በምን ይለካ? ማሽኑ ራሱ ቀላል ነው። ሞተሩ ፋኑን ያሽከረክራል፣ ፋኑ አየሩን ወደ ውጭ ሲገፋ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል፣ የውጭው አየርም ያን ለመሙላት በአፉ በኩል ሲሮጥ አቧራውን ይዞ ይገባል። ይህን ብዙ ፋብሪካ ሊሠራው ስለሚችል ፉክክሩ ይበልጥ የከረረው በቤት ለቤት ሽያጭ፣ በፓተንት (በፈጠራ ባለቤትነት መብት) ክስና በመለኪያ ደንብ ላይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከመንፋት ወደ መሳብ

በእጅ እየተዘወረ የሚሠራ ማሽን አይቭስ ማክጋፊ የተባለ አሜሪካዊ በ1869 ፓተንት አስወጥቶበታል። ዛሬ የምናውቀው የመሳብ ሥራ ግን የሚጀምረው በ1901 ለንደን ውስጥ ከሂዩበርት ሴሲል ቡዝ ነው። ቡዝ መሐንዲስ ነበር። አቧራን በታመቀ አየር የሚያባርር ማሽን ሲሞከር ተመለከተ፤ አቧራው ከአንዱ ቦታ ተነሥቶ ሌላው ላይ ከማረፍ በቀር የሄደበት አልነበረም። ከዚያ በኋላ መሀረብ በወንበር ላይ ዘርግቶ በአፉ ሲስብ መሀረቡ ጠቆረ። በዚህ ሐሳብ የሠራው ማሽን በፈረስ የሚጎተት ጋሪ የሚያክል ነበር። በቤንዚን ሞተር ይሠራል፤ ከመንገድ ላይ ቆሞ ረጃጅም ቱቦዎቹ በመስኮት ይገባሉ። በ1902 ለንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል የዌስትሚንስተር አቤይን ምንጣፍ ያጸዳው እሱ ነው።

የቡዝ ኩባንያ፣ ብሪቲሽ ቫኪዩም ክሊነር ካምፓኒ፣ መጀመሪያ ላይ የሚሸጠው የጽዳት አገልግሎት እንጂ ማሽን አልነበረም። ተፎካካሪዎች ሲበዙ ስሙን ለብቻው ለማስከበር ክስ አቀረበ፤ በ1907 ግን የእንግሊዝ ፍርድ ቤት «ቫኪዩም ክሊነር» ሥራውን የሚገልጽ ተራ መጠሪያ ስለሆነ ማንም በብቸኝነት ሊይዘው እንደማይችል ወሰነ። ስሙ የሁሉም የሆነው በዚህ ነው። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ ሕዝብ አንደበት ማጽዳት ራሱ «ሁቨር ማድረግ» ተብሎ በተፎካካሪው ስም መጠራቱ ለቡዝ ሥራ የሚገባው ክብር አይደለም።

ሁቨርና ኤሌክትሮሉክስ፦ ሁለት የአሠራር ስልቶች

ጄምስ መሪ ስፓንግለር በኦሃዮ ግዛት፣ ካንተን ከተማ የጽዳት ሠራተኛ ነበር። አስም ስለነበረበት የሚጠርገው አቧራ ያሠቃየዋል። የኤሌክትሪክ ሞተርን ከመጥረጊያ እንጨትና ከትራስ ልብስ ጋር አገጣጥሞ፣ ከፊቱም የሚሽከረከር ብሩሽ ጨምሮ የሠራው ማሽን በሰኔ 1908 ፓተንት አገኘ። ገንዘብ ስላልነበረው መብቱን የቆዳ ዕቃ ነጋዴ ለነበረው ለዊልያም ሁቨር ሸጠ። መኪና ሲመጣ የፈረስ ዕቃ ገበያ እንደሚደርቅ የገባው ሁቨር አዲስ ሥራ ይፈልግ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ በታዋቂ መጽሔት ማስታወቂያ አውጥቶ ማሽኑን ለ10 ቀን በነጻ ሞክሩ አለ። ብልሃቱ ከዚህ ይጀምራል፦ ማሽኑን ለጠያቂው በቀጥታ ከመላክ ይልቅ በአካባቢው ላለ ባለሱቅ ልኮ፣ ሽያጩ ከተሳካ ኮሚሽን ከፈለው። ማስታወቂያው በዚህ መንገድ የሻጭ መረብ ዘረጋለት።

ስዊድናዊው አክሰል ቬነር ግሬን ሌላ መንገድ ያዘ። ኤሌክትሮሉክስ በ1921 ያወጣው ሞዴል ፋይቭ በሁለት ሸርተቴዎች ላይ ተኝቶ የሚጎተት ሲሊንደር ነው፤ ተጠቃሚው የሚይዘው ቱቦውን ብቻ ነው። አሁንም ድረስ ሁለቱ ስልቶች ይለያያሉ፤ ልዩነቱም የመልክ አይደለም።

ቀጥ ብሎ በሚቆመው በጥንታዊው የሁቨር አሠራር ፋኑ ከከረጢቱ በፊት ነው፤ ቆሻሻው በፋኑ መካከል አልፎ ወደ ከረጢቱ ይነፋል። የአየሩ መንገድ አጭር ስለሆነ አነስተኛ ሞተር ብዙ አየር ያንቀሳቅሳል፣ ወፍራም ምንጣፍ ላይም ይበረታል። ጉዳቱ ሳንቲም፣ ጠጠር ወይም ምስማር ሲገባ የፋኑን ምላስ መስበሩ ነው። አንድ ምላስ የጎደለው ፋን ሚዛኑን ስቶ ይንቀጠቀጣል፤ እየተንቀጠቀጠ ከተሠራበት ኩሽኔታውን ይበላል። በሲሊንደሩ አሠራር ፋኑ ከከረጢቱ በኋላ ስለሆነ የሚያልፍበት የተጣራ አየር ነው። ፋኑ ዕድሜ ያገኛል፣ ከረጢቱ እየሞላ በሄደ ቁጥር ግን አየሩ ይታፈናል።

ሁቨር በ1926 በብሩሹ ላይ ምንጣፉን የሚመታ ብረት ጨመረ፤ ይህ በሙያው ከታዩት ማሻሻያዎች ሁሉ ትልቁ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አየሩ ምንጣፉን ከወለሉ ትንሽ አንሥቶ ይይዘዋል፣ ብረቱ ይመታዋል፣ በክሩ ሥር የተቀበረው አሸዋ ይፈታል፣ ብሩሹ ይጠርገዋል። ይህ የሚሠራው የአፉ ከፍታ ከተስተካከለ ብቻ ነው። በጣም ከወረደ ብሩሹ ይታነቅና ቺንጋው እየተንሸራተተ ይቃጠላል፤ በጣም ከፍ ካለ ምንጣፉ አይነሣም። ትክክለኛው መንገድ ከከፍተኛው ጀምሮ አንድ አንድ ደረጃ ማውረድና ብሩሹ ምንጣፉን ሲነካ ድምፁ በተለወጠበት ቦታ ማቆም ነው።

የዴንማርኩ ኒልፊስክ ከ1910፣ የጀርመኑ ሚሌ ከ1927፣ የአሜሪካው ከርቢ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ገቡ፤ ሦስቱም ለረጅም ዕድሜ በሚሠራ ማሽን ይታወቃሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የነበሩት ሦስት ዐሥርት ዓመታት ገበያው የሰፋባቸው፣ አሠራሩ ግን ብዙም ያልተለወጠባቸው ናቸው።

የቤት ለቤት ሻጮች የሚያሳዩት ሙከራ ግን ማብራሪያ ይገባዋል። ባለቤቲቱ በራሷ ማሽን ምንጣፉን ታጸዳለች፤ ከዚያ ሻጩ በአዲሱ ማሽን ውስጥ አየሩ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነጭ ጨርቅ አስገብቶ ያንኑ ቦታ ይስባል፣ ጨርቁም ይጠቁራል። ሙከራው ውሸት አይደለም፤ የሚያረጋግጠው ነገር ግን ሻጩ የሚለውን አይደለም። የትኛውም ማሽን የምንጣፍን አቧራ በአንድ ዙር አይጨርስም። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥና የባለቤቲቱ ማሽን ሁለተኛ ቢሆን ኖሮ በእሱም ጨርቁ ይጠቁር ነበር። ትክክለኛ ማወዳደሪያ የሚሆነው የታወቀ ክብደት ያለው አሸዋ በእኩል መጠን በሁለት ተመሳሳይ ምንጣፎች ላይ በትኖ፣ በእኩል ብዛት አመላልሶ፣ የተሰበሰበውን መመዘን ነው።

ስሞች ሲሸጡ

ስም ከፋብሪካው ተለይቶ መሸጡ ገዢን ያደናግራል። ሁቨር በ1989 በአሜሪካው የቤት ዕቃ አምራች በሜይታግ እጅ ገባ። የእንግሊዙ ክፍል በ1992 ቢያንስ የ100 ፓውንድ ዕቃ ለገዛ ሰው ሁለት የአውሮፕላን ቲኬት፣ መጀመሪያ ወደ አውሮፓ ኋላም ወደ አሜሪካ፣ ሊሰጥ ቃል ገባ። ቲኬቱ ከዕቃው ይበልጥ ስለነበር ሕዝቡ ማሽን የሚገዛው ለቲኬቱ ሲል ሆነ። ኪሳራው ወደ 50 ሚሊዮን ፓውንድ ተጠጋ፣ ክሱም ለዓመታት ተጓተተ። በ1995 የአውሮፓው ሁቨር ለጣሊያኑ ካንዲ ተሸጠ፤ ካንዲን በ2019 የቻይናው ሃየር ጠቀለለው። የሰሜን አሜሪካው ሁቨር ደግሞ በ2007 ለሆንግ ኮንጉ ቴክትሮኒክ ሄደ። ስለዚህ «ሁቨር» የሚል ማሽን በሁለቱ አህጉሮች የሁለት የማይገናኙ ኩባንያዎች ሥራ ነው፤ መለዋወጫ ሲታዘዝ ከስሙ ይልቅ በማሽኑ ሆድ ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ማየት ይገባል። ኤሌክትሮሉክስም በአሜሪካ ስሙን ለረጅም ጊዜ አጥቶ በ2000 መልሶ ገዝቶታል።

ከረጢትና አዙሪት

ከረጢት ማጣሪያም ማጠራቀሚያም ነው። ገና ሳይሞላ የሚታፈነው ደቃቅ ዱቄት ቀዳዳዎቹን ስለሚደፍን ነው፤ የጂፕሰም ወይም የአመድ ብናኝ ከሆነ አንድ እፍኝ ይበቃዋል። ለአምራቾች ግን ከረጢት የዘወትር ገቢ ነበር። እያንዳንዱ ፋብሪካ የአፉን ካርቶን በራሱ ቅርፅ ይቆርጥ የነበረውም በከፊል ደንበኛው ወደ ሌላ እንዳይሄድ ይመስላል። ፊሊፕስና ኤሌክትሮሉክስ «ኤስ ባግ» በሚባለው የጋራ ቅርፅ መስማማታቸው ከተለመደው የወጣ መልካም እርምጃ ነው።

እንግሊዛዊው ጄምስ ዳይሰን በ1978 ገደማ የተነሣው ከረጢቱን ለማስቀረት ነው። በእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ ብናኝን በአዙሪት የሚለይ ትልቅ ሾጣጣ አይቶ ያንን ለቤት ማሽን ሊያሳንሰው ተነሣ፤ በኩባንያው አነጋገር 5,127 ሙከራ ፈጅቷል። ታላላቆቹ አምራቾች ሐሳቡን አልተቀበሉትም። በ1986 «ጂ ፎርስ» በሚል ስም በጃፓን ገበያ ዋለ፤ በራሱ ስም ዲሲ 01ን ያወጣው በ1993 ነው፤ በጥቂት ዓመታትም የእንግሊዝን ገበያ መሪነት ያዘ።

አሠራሩ ይህ ነው፦ አየሩ በሾጣጣው ጎን ገብቶ ይሾራል፣ ክብደት ያለው ብናኝ ወደ ግድግዳው ተወርውሮ ይወርዳል፣ ንጹሑ አየር በመሃል ይወጣል። የክቡ ስፋት ባነሰ ቁጥር የመወርወር ኃይሉ ስለሚጨምር አዳዲሶቹ ማሽኖች ብዙ ትናንሽ ሾጣጣዎችን በአንድ ላይ ይደረድራሉ። «የመሳብ ኃይሉ አይቀንስም» የሚለው አባባል ግን በቅድመ ሁኔታ ነው የሚሠራው። እጅግ ደቃቁ ብናኝ ከአዙሪቱ ያመልጥና ከሞተሩ በፊት ያለው ፊልተር ላይ ያርፋል። ያ ፊልተር በወር አንድ ጊዜ ገደማ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ ቢያንስ 24 ሰዓት መድረቅ አለበት፤ ረጥቦ ከገባ ብናኙ ጭቃ ይሆናል፣ ማሽኑም ይሸታል፣ እርጥበቱ ሞተሩንም ይጎዳል። የአቧራ ማጠራቀሚያው ከ«ማክስ» መስመር በላይ ከሞላ አዙሪቱ የወረደውን አቧራ መልሶ ያነሣዋል። የማሸጊያው ጎሚኒ ከተሰነጠቀ ደግሞ የጎን አየር ገብቶ አዙሪቱን ይሰብረዋል። ፊልተሩ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚደፈን ከሆነ መጀመሪያ የሚፈተሸው ይህ ጎሚኒ ነው።

ሁቨር በ1999 «ትሪፕል ቮርቴክስ» የተባለ አዙሪታዊ ማሽን ሲያወጣ ዳይሰን ከሰሰ፤ የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጥቅምት 2000 ፓተንቱ ተጥሷል ብሎ ፈረደ፣ በ2002ም ጉዳዩ ሁቨር 4 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲከፍል በስምምነት ተዘጋ። ዳይሰን ሁሌ አላሸነፈም፤ በ2011 በሌላው አምራች በቫክስ ላይ ያቀረበውን የቅርፅ ክስ በይግባኝ ተረትቷል። በ1981 የወጣውና ፊት የተሣለበት «ሄንሪ» ሠሪ ኑማቲክ ደግሞ በ2010 መለዋወጫ አቅራቢውን ኳልቴክስን ረታ። ኳልቴክስ በንግድ ትርኢት ያሳየው ናሙና ፊት አልነበረውም፤ ፍርድ ቤቱ ግን ባርኔጣ የመሰለው ክዳንና ክብ ገላው ብቻ ገዢን እንደሚያሳስት ተቀብሏል።

የመለኪያው ጦርነት

ለብዙ ዓመታት ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዋት ነበር። ዋት ማሽኑ ከመስመር የሚወስደውን ኤሌክትሪክ ይናገራል እንጂ የሚስበውን አቧራ አይናገርም። የሚጠቅመው ቁጥር የአየር ዋት ነው፤ በሰከንድ የሚገባው አየር በሊትር፣ በኪሎፓስካል በሚለካው የግፊት ልዩነት ሲባዛ ይገኛል። 20 ሊትር በሰከንድ በ10 ኪሎፓስካል ሲገባ 200 የአየር ዋት ይሆናል። አፉ በእጅ ቢደፈን ግፊቱ ከፍተኛ፣ ፍሰቱ ዜሮ ስለሚሆን ሥራውም ዜሮ ነው። ስለዚህ «ከፍተኛ ኪሎፓስካል» ብቻውን ብዙ አይናገርም።

የአውሮፓ ኅብረት ከመስከረም 2014 ጀምሮ ከ1,600 ዋት በላይ፣ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ከ900 ዋት በላይ የሆኑ ማሽኖች ለገበያ እንዳይቀርቡ ከለከለ፤ የኃይል ደረጃ መለያም አስለጠፈ። ማሽኖቹ ይዳከማሉ የሚል ፍርሃት ቢኖርም ጥሩ አምራቾች የአፉንና የፋኑን ቅርፅ አሻሽለው በግማሽ ኤሌክትሪክ ያንኑ ያህል አጸዱ። ክርክሩ የተነሣው በመለያው ላይ ነው፦ ሙከራው የሚደረገው በባዶ ከረጢት ነበር። ዳይሰን ይህ ባለከረጢት ማሽኖችን ያለአግባብ ይጠቅማል ብሎ ከሰሰ። በ2015 ተረታ፣ በ2017 ይግባኙ ተቀባይነት አገኘ፣ በኅዳር 2018 የኅብረቱ ጠቅላላ ፍርድ ቤት የመለያውን ደንብ ሻረው። የዋቱ ጣሪያ ግን በሌላ ደንብ ስለሆነ ጸንቶ ቆይቷል። በዚያው በ2018 የኅብረቱ ፍትሕ ፍርድ ቤት፣ ቦሽን የሚሠራው ኩባንያ ሙከራው በባዶ ከረጢት መሆኑን ለገዢ አለመንገሩ ማሳሳት እንዳልሆነ ወስኗል። በእርግጥ በሙሉ ከረጢት የተለካ ቁጥር ለቤት ውስጥ አጠቃቀም የበለጠ የቀረበ ነው፤ ይሁን እንጂ በወጉ የሚለወጥ ጥሩ ባለብዙ ድርብ ከረጢት፣ ካልታጠበ ፊልተር እጅግ ይሻላል።

ባትሪና ሮቦት

ሊቲየም ባትሪና የካርቦን ብሩሽ የሌለው ፈጣን ሞተር ሲመጡ ዳይሰን ገመድ ላላቸው አዳዲስ ማሽኖች የሚያደርገውን ምርምር አቆመ። እዚህም ቁጥሩ ያታልላል፤ ካርቶኑ ላይ 60 ደቂቃ የሚለው ብዙ ጊዜ ብሩሹ ሳይሽከረከር በዝቅተኛው ኃይል ሲሆን ነው። በከፍተኛው ኃይል ከ10 ደቂቃ የማያልፉት ብዙ ናቸው።

በሮቦቱ ቀዳሚው ኤሌክትሮሉክስ ነው፤ «ትሪሎባይት»ን በ2001 አቀረበ። ገበያውን የወሰደው ግን በቀጣዩ ዓመት በ200 ዶላር ገደማ የወጣው የአይሮቦት «ሩምባ» ነበር። በኋላ ሮቦሮክና ኢኮቫክስን የመሳሰሉ የቻይና አምራቾች በሌዘር ካርታ የሚያነሡ ማሽኖችን አውጥተው ቀደሙት። አማዞን በ2022 አይሮቦትን በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማምቶ፣ የአውሮፓ ተቆጣጣሪዎች ስለተቃወሙ በጥር 2024 ተወው።

ሮቦት ሠሪዎች አሁን የሚፎካከሩት በፓስካል ነው፤ 10,000 ፓስካል የሚል ማስታወቂያ የተለመደ ሆኗል። 10,000 ፓስካል 10 ኪሎፓስካል ማለት ነው፤ ባለገመድ ጎታች ማሽን አፉ ሲደፈን ብዙውን ጊዜ የዚህን እጥፍ ይደርሳል። ከዚህ ቁጥር ይልቅ የብሩሹ ሁለት ጫፎች ብዙ ይናገራሉ። ፀጉር ተጠምጥሞ ወደ ኩሽኔታው ሲገባ ብሩሹ ይከብዳል፣ ትንሿ ሞተር ትግላለች፣ ባትሪውም ቤቱ ሳይጠረግ ያልቃል። ጫፎቹ ያለመፍቻ በእጅ የሚወጡ ከሆነ ሥራው የሁለት ደቂቃ ነው፦ ብሩሹን አውጥቶ ፀጉሩን በመቀስ በቁመቱ መቁረጥ፣ ኩሽኔታውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ በእጅ ሲሽከረከር ሳያንገራግር መዞሩን አይቶ መመለስ።