ይህቺ ሥዕል ለማን ናት?

አምና ጳጉሜን እንደገባ፣ ልጄ ፒያሳ መንገድ ዳር የታተመ የእንቁጣጣሽ ሥዕል አይቶ እንድገዛለት ጠየቀኝ። «አሥር ይበቃኛል» አለ። ለማን እንደሚሰጠው ስጠይቀው ቤቶቹን ቆጠረልኝ። ብር የሚሰጡትን ቤቶች።

አልተቆጣሁትም። እኛም ልጆች ሳለን ከሥዕሉ ይልቅ ሳንቲሙን ነበር የምናስበው። ግን ደነገጥኩ። «እንኳን አደረሳችሁ» ማለት ምስጋና መሆኑን እኔ እናቱ ነግሬው አላውቅም።

በቅዳሴ ጸሎተ አኰቴት «ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» ይላል። በጎ ነገር ያደረገልንን እናመስግነው ማለት ነው። ልብ ብላችሁ ከሰማችሁት እዚያ ላይ አያበቃም። ሰውሮናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና እያለ የተደረገልንን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ከዚያ «ወአብጽሐነ እስከ ዛቲ ሰዓት» ይላል፤ እስከዚህች ሰዓት አድርሶናልና። በዓል በመጣ ቁጥር በር ላይ ቆመን የምንለው «እንኳን አደረሰን» ይኸው ነው። ቤተ ክርስቲያን ስታመሰግን ትቆጥራለች። ልጆቻችን ግን «ተመስገን» ማለት እንጂ መቁጠር አልለመዱም።

ስለዚህ የታተመውን ትተን፣ ያለቀውን ዓመት ካላንደር ከግድግዳ አወረድን። (የቅዱሳን ሥዕል ያለበትን እንዳትቆርጡ። የእኛው የተራራ ፎቶ ያለበት፣ ጀርባው ነጭ ነው።) «በቸርነትህ ዓመትን ታቀዳጃለህ» ይላል ዳዊት፣ መዝሙር 64። ወር በወር እየገለጥን «በዚህ ወር ማን ምን አደረገልን?» ተባባልን። ስም ከተገኘ በዚያ ወር ጀርባ ላይ ሥዕል ይሣላል፤ ለሰውየውም በእጁ ይሰጣል። ጳጉሜን 5 ቀን ናት፤ በየ4 ዓመቱ ደግሞ 6። ማታ ማታ ሁለት ሦስት ወር ከሠራችሁ ለቅዱስ ዮሐንስ ትደርሳላችሁ።

ሰኔ ላይ ስንደርስ ልጄ የትምህርት ቤቱን ጥበቃ ጠራ። ዝናብ ሲጥል በራሳቸው ጃንጥላ አስፋልቱን ያሻግሩታል። እኔ አላውቅም ነበር። ለእንቁጣጣሽ የሚሣለው አደይ አበባ፣ ፀሐይ ወይም መልአክ ነው። እሱ ግን ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ ሣለ። «አበባ አድርግበት እንጂ» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። እባካችሁ እናንተም ተዉት። ጃንጥላው ጠማማ ቢሆንም እርሳሱን ከልጁ እጅ አትውሰዱ።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ከለምጽ የነጹት 10 ነበሩ። ጌታችን «ዘጠኙስ ወዴት አሉ?» ብሎ ጠየቀ። በልባቸው ምን እንደተሰማቸው ወንጌሉ አይነግረንም። ደስ ብሏቸው ይሆናል። የሚነግረን እንዳልተመለሱ ነው። አንዱ ሳምራዊ ግን በእግሩ ተመለሰ። እኔ በእጅ የተሠራ ሥዕል የምወደው ለዚህ ነው፤ ልጁን ያስኬደዋል፣ በር ያስንኳኳዋል።

ከሁሉ ሩቁ መንገድ የጥር ሥዕል ነበር። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈራችን ሲነሳ ኮንዶሚኒየም የገቡ የድሮ ጎረቤታችን፣ ልጄ በታመመ ጊዜ በሦስት ታክሲ የጥምቀት ጠበል ይዘውለት መጥተው ነበር። እኛም በሦስት ታክሲ ሄድን። እማማ ሥዕሏን አገላብጠው አዩ፤ ቡፌው መስታወት ላይ ለጠፏት። ከዚያ ከመቀነታቸው 50 ብር ፈትተው ዘረጉለት። ልጄ እጁን ወደ ኋላ ደበቀ። ብር እንዳይቀበል አጥብቄ ነግሬው ነበርና። እማማ ቅር አላቸው። «ባዶ እጁን ልሸኘው እንዴ?» አሉኝ። ያኔ ስህተቴ ገባኝ። ብሩን የከለከልኩት ለምስጋና ስል ነበር፤ የከለከልኩት ግን ምርቃታቸውን ነው። «ተቀበል» አልኩት። ግንባሩን ስመው «እደግ፣ ተመንደግ» አሉት። ከብሩ ግማሹን ራሱ አስቦ ጊዮርጊስ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ጨመረው።

ዘንድሮም ካላንደሩን አውርደናል። ግንቦት ላይ ስም አጥተን ቆየን። «ውኃ ጠፍቶ በቦቴ ያመጡልን ሹፌርስ?» አለ ልጄ። ስማቸውን አናውቅም። ቢጫ ጀሪካን ሣለና ከሥሩ «ለውኃው ጋሼ» ብሎ ጻፈ። ቦቴው እስኪመጣ ከበሩ ጀርባ ለጥፈነዋል።