ለትምህርት ቤት መደርደሪያ ስንሠራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሐዋሳ ላይ ክረምት ሲገባ ወጣቱ ለበጎ ፈቃድ ሥራ ይወጣል። የእኛ ሰፈር ልጆች ደግሞ ጣውላ ገዝተን ለትምህርት ቤት የመጽሐፍ መደርደሪያ እንሠራለን። ልቡም ጉልበቱም አለን። ሥራውን የሚያበላሹት ግን እንደ እውነት የያዝናቸው አንዳንድ ሐሳቦች ናቸው።

«ተገዝቶ የመጣ ጣውላ ደረቅ ነው።»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው እርጥብ የባሕር ዛፍ ጣውላ ሲደርቅ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ሊጠብ ይችላል። በቁመቱ ግን እምብዛም አያጥርም። ስፋቱ ሊጠብ ሲል በአግዳሚ እንጨት ላይ በሚስማር ከተያዘ መሄጃ ያጣል፤ ይሰነጠቃል።

የመጀመሪያ ሥራችንን ነሐሴ ላይ አስረከብን። ጥር ላይ ስንሄድ ጎኑ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ያን ቀን ያዘንኩት ሐዘን እስካሁን አይረሳኝም። ከዚያ ወዲህ ጣውላውን በበጋ እንገዛለን። ከመሬት ከፍ አድርገን፣ በየመሃሉ ቀጫጭን እንጨት እየከተትን፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር እንደረድረዋለን። መድረቁን ለማወቅ አንድ ቁራጭ እንመዝናለን። ከሳምንት በኋላ ክብደቱ ከቀነሰ፣ ገና ነው።

«ዋንዛ ካልሆነ ዕቃ አይባልም።»

ዋንዛ ውብ ነው። ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥን የከለከለው በምክንያት ነው። ለመደርደሪያ በደንብ የደረቀ የፈረንጅ ጥድ ይበቃል።

«ሚስማር ካለ ኮላ ምን ያደርጋል?»

እንጨት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይጠባል። ሚስማሩም ቀስ በቀስ ይላላል። ሁለት ጣውላ ጎን ለጎን በነጩ ኮላ በደንብ ከተጣበቀ ግን መጋጠሚያው ከእንጨቱ የበለጠ ይጠነክራል። የተቆረጠው ጫፍ ላይ ኮላ ብቻውን አይሠራም፤ እዚያ ወንዴና ሴቴ አድርጎ፣ ማለትም የአንዱን ጫፍ በሌላው ላይ በተቦረቦረ ቀዳዳ አስገብቶ ማጋጠም ነው። ጨምቆ የሚይዝ ሞርሳ ከሌለ በገመድ አስራችሁ፣ ገመዱን በዱላ አጥብቁት። እስከ ነገ አትነካኩት።

«መደርደሪያው በረዘመ ቁጥር ይሻላል።»

1 ሜትር ሙሉ መጽሐፍ 30 ኪሎ ገደማ ሊመዝን ይችላል። ረጅም ጣውላ መሃሉ ላይ ይጎብጣል። 80 ሳንቲ ሜትር ሳይሞላ መደገፊያ አድርጉለት። ካልሆነ ወፍራም ጣውላ ግዙ፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን መጉበጡ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል።

«ቫርኒሽ ከተቀባ እርጥበት አይገባውም።»

ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። ፊቱ ብቻ ከተቀባ እንዲያውም ሊጣመም ይችላል። ጀርባውንም ቀቡ።

«በነጻ ስለተሠራ ትንሽ ቢነቃነቅ ማን ይናገራል?»

ይሄን ስሰማ ይከፋኛል። ልጅ ላይኛው መደብ ላይ ያለ መጽሐፍ ለማውረድ መደርደሪያው ላይ ይንጠለጠላል። ቁመቱ ረዘም ያለ መደርደሪያ ደግሞ ጠንካራም ሆኖ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ከላይ በኤል (L) ቅርጽ በታጠፉ ሁለት ብረቶች ከግድግዳው ጋር እናስረዋለን። መጽሐፍ የምንደረድረው ከዚያ በኋላ ነው።