አስቤስቶስ ምንድን ነው? ነገሩ ያለው አቧራው ላይ ነው

«አስቤስቶስ መርዝ ነው» ሲባል አሁን አሁን በየቦታው ይሰማል። ሰሞኑን አንድ የሬዲዮ እንግዳ፣ የድሮ አስቤስቶስ ክዳን ያለው ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው «በየቀኑ መርዝ እየተነፈሰ ነው፤ ዛሬውኑ አውርዶ ይጣለው» ብለው ሲመክሩ ሰማሁ። በቅን ልብ እንደተናገሩ አልጠራጠርም። ግን እሳቸውን አምኖ መዶሻ ይዞ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው፣ በዕድሜው ሙሉ ካጋጠመው የባሰውን የአስቤስቶስ አቧራ የሚተነፍሰው በዚያው ቀን ነው። ሥራዬ የሥራ ቦታ አየር መለካት ነው። እንዲህ ያለ ምክር ሰምቶ ዝም ማለት ይከብደኛል።

በሌላ በኩል «አባቴ ከሥሩ 40 ዓመት ኖረ፣ ምን ሆነ?» የሚል አለ። ሁለቱ የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ የሚስቱት አንድ ቦታ ነው። ሁለቱም አስቤስቶስን እንደ መርዝ ያስቡታል። አንዱ መርዙ ከጣሪያው እየተነነ ይወርዳል ብሎ ይፈራል። ሌላው ማንም ተመርዞ ሲወድቅ ስላላየ ነገሩ ወሬ ነው ይላል።

አስቤስቶስ ከመሬት የሚቆፈር ማዕድን ነው። ከሌላው ድንጋይ የሚለየው ሲመታ ወደ ክር መፈታቱ ነው። ክሩ ደግሞ በቁመቱ እየተሰነጠቀ ይቀጥናል፤ በመጨረሻ ያለ ማይክሮስኮፕ አይታይም። በዚህ ስም የሚጠሩት ስድስት ማዕድናት ሲሆኑ፣ በብዛት ለገበያ የቀረቡት ሦስት ናቸው፦ ነጩ ክሪሶታይል፣ ቡናማው አሞሳይት እና ሰማያዊው ክሮሲዶላይት።

ጥቅሙን የሚክድ ሰው ደግሞ ይህ ነገር ለምን በየቤቱ እንደገባ ሊያስረዳ አይችልም። ክሩ እሳት አይበላውም። አይበሰብስም፣ ምስጥ አይነካው፣ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ሲጎትቱት ጠንካራ ነው፤ ዋጋው ርካሽ ነበር። በ1901 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኦስትሪያዊው ሉድቪግ ሃቼክ ክሩን ከሲሚንቶ ጋር አዋህዶ ቀጭን ሉህ የሚሠራበትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። እንደ ቆርቆሮ የማይዝግ፣ ዝናብ ሲወርድበት የማይጮህ፣ ፀሐይ ሲመታው ቤቱን የማያግል ክዳን ተገኘ። ከዚያ የውኃ ቧንቧው፣ የፍሬን ሸራው፣ የሞተር ጓርኒሲዮኑ፣ የቦይለርና የመርከብ ቧንቧ መጠቅለያው ተከተለ። ብዙ ሰው ከእሳት አድኗል። ይህን መናገር ጉዳቱን ማቃለል አይደለም።

ጉዳቱ የሚገባን ግን መርዝ የሚለውን ሐሳብ ትተን ስለ እሾህ ስናስብ ነው። የእሾህ አጥር ያለው ግቢ ውስጥ ዘመን ሙሉ መኖር ይቻላል። አጥሩ ቆሞ ሳለ ማንንም አይወጋም፤ ሽታውም ሆነ ጥላው አይጎዳም። አጥሩን አፍርሶ፣ ቅርንጫፉን በግቢው እየጎተተ ካወጣው በኋላ ግን ስባሪው መሬት ላይ ይበተናል። ያኔ ባዶ እግሩን የሚሄድ ሁሉ ይወጋል። አጥሩን ያላፈረሰው ልጅም ጭምር።

አስቤስቶስም እንዲሁ ነው። በሲሚንቶ ክዳን ውስጥ ክሩ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ ከ10 እስከ 15 እጅ ያህል ነው፤ ቀሪው ሲሚንቶ አጥብቆ ይዞታል። ክዳኑ ሳይሰበር በቦታው እስካለ ድረስ ወደ አየር የሚለቀው ክር እጅግ ጥቂት ነው። በግራይንደር ሲቆረጥ፣ በመዶሻ ሲሰበር፣ በደረቁ በሽቦ ብሩሽ ሲፈገፈግ ግን የማይታየው ስባሪ አየር ላይ ይወጣል። ለሰዓታት ተንሳፍፎ ይቆያል። በመጥረጊያ ሲጠረግ እንደገና ይነሳል። የተለመደው የቤት ቫክዩምም ከፊት ይስበውና ከኋላ ይተፋዋል።

ወደ ሳንባ የገባው ክር ምን ያደርጋል? እግር ላይ እሾህ ሲገባ በወስፌ ይወጣል። ሳንባም የራሱ ወስፌ አለው፤ የገባውን ባዕድ ነገር የሚውጡ ጠባቂ ሕዋሳት። አቧራና ጀርም ውጠው ያጠፋሉ። የአስቤስቶስ ክር ግን ብዙ ጊዜ ከሕዋሱ ይረዝማል። ሕዋሱ በአንድ ጫፍ ይጀምረዋል፣ ሊጨርሰው አይችልም። በመሐል ለማፍረስ ያዘጋጀውን ቅመም በዙሪያው እያፈሰሰ ይሞታል። ሌላው መጥቶ ይሞክራል፣ እሱም ይሞታል። ቦታው እንዳመረቀዘ ይኖራል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ሳንባው ይጠባሰሳል፣ ወይም ሕዋሳቱ ወደ ካንሰር ይለወጣሉ።

እሾህ የገባበት ሰው ግን ወዲያው ያውቃል። ይሄኛው አያምም። አያስልም፣ ዓይን አያቃጥልም። ሰውየው ሥራውን ጨርሶ እጁን ታጥቦ ምሳውን ይበላል። አስቤስቶሲስ የሚባለው የሳንባ መጠባሰስ ብዙ አቧራ ለዓመታት የተነፈሰ ሰው ላይ ይመጣል። የሳንባ ካንሰርም አለ። ሜሶቴሊዮማ የተባለው የሳንባና የሆድ ዕቃ ሽፋን ካንሰር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ይከሰታል፤ ያን ያህል ብዙ አቧራ ሳይተነፍሱ የታመሙበትም አሉ። ስለዚህ «እኔ ቆርጫለሁ፣ ምንም አልሆንኩም» የሚል የ30 ዓመት ጎልማሳ ገና ምንም የሚያረጋግጠው ነገር የለም።

በየሥራ ቦታው ደጋግሜ የምሰማው «ወተት ጠጣበት» የሚለው ምክር ከዚሁ ከመርዝ ሐሳብ የመጣ ነው። በያጁም ቀለም ቀቢውም ማታ ወተት ይጠጣል። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ የሚወርደው ግን ወደ ሆድ ነው። ሳንባ ውስጥ የተሰካ ክር ጋር የሚያደርሰው መንገድ የለም። የማዝነው አሠሪው ወተት ገዝቶ ሰጠሁ ብሎ አቧራው እንዳይነሳ የሚያረጥበውን የውኃ መርጫ ሲተው ነው።

«ከፋብሪካ ውጭ ያለ ሰው አይነካውም» ለሚሉት ደግሞ መልሱ ከተሰጠ ቆይቷል። በ1960 በደቡብ አፍሪካ ዋግነር የተባለ የበሽታ መርማሪ ሐኪም እና ሁለት ባልደረቦቹ 33 የሜሶቴሊዮማ ሕሙማን ታሪክ አሳተሙ። አብዛኞቹ ሰማያዊ አስቤስቶስ ከሚወጣበት ከሰሜናዊ ኬፕ አካባቢ ጋር ግንኙነት ነበራቸው። ሁሉም ግን ማዕድን ቆፋሪ አልነበሩም። የቤት እመቤቶች ነበሩባቸው። ከብት ጠባቂዎች ነበሩባቸው። የሒሳብ ሠራተኛም ነበረባቸው። አንዳንዶቹ በልጅነታቸው እዚያ ከመኖር በቀር ከማዕድኑ ጋር ጉዳይ አልነበራቸውም።

እስራኤል ያሉ አንባቢዎች የሰሜኗን የባሕር ዳር ከተማ ናሃሪያን ያውቋታል። በዚያው በምዕራብ ገሊላ ከ1952 እስከ 1997 የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። የፋብሪካው ዝቃጭ በነጻ የሚገኝ ጥሩ መሙያ ሆኖ ታየ። ሰዎች የእግር መንገዳቸውን ደለደሉበት፣ የግቢያቸውንና የመኪና ማቆሚያቸውን መሬት አስተካከሉበት። ከሥሩ የተቀበረው ክር መኪና ሲሄድበት፣ ልጅ ሲጫወትበት ይነሳ ነበር። በ2011 አገሪቱ ስለ አስቤስቶስ ልዩ ሕግ አወጣች፤ የአካባቢውን አፈር ቆፍሮ የማጽዳት ትልቅ ሥራም ተጀመረ። ጣሪያ ላይ በሲሚንቶ ተይዞ ከተቀመጠው ይልቅ ያስቸገረው ይህ እግር ሥር የተበተነው ነው።

የሠራተኞች ሚስቶችም አሉ። የባላቸውን የሥራ ልብስ በር ላይ አራግፈው የሚያጥቡ ሴቶች፣ ፋብሪካውን አንድ ቀን ሳይረግጡ በዚህ በሽታ ሞተዋል። ስለዚህ ሥራ ቦታ ላይ መጀመሪያ የምጠይቀው ልብሱ የት እንደሚታጠብ ነው።

አንድ ሌላ ነገር እዚህ ላይ ላንሳ። «ነጩ አስቤስቶስ ችግር የለበትም» የሚባለው። ሰማያዊውና ቡናማው ሜሶቴሊዮማ በማምጣት ከነጩ ይብሳሉ፤ ይህ እውነት ነው። ከዚህ ተነስቶ ነጩን ንጹሕ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ሁሉንም ዓይነት ካንሰር አምጪነታቸው የተረጋገጠ ብሎ መድቧቸዋል። ብሪታንያ ሰማያዊውንና ቡናማውን በ1985፣ ነጩን በ1999 ከለከለች። የአውሮፓ ኅብረት ክልከላ በ2005 ተጠናቀቀ። አሜሪካ ነጩን የከለከለችው ገና በ2024 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሥራ ላይ በተተነፈሰ አስቤስቶስ በየዓመቱ ከ200,000 በላይ ሰው እንደሚሞት ይገምታል።

ወደ ጣሪያው ልመለስ። መጀመሪያ ነገር፣ ሞገዳማ የሲሚንቶ ክዳን ሁሉ አስቤስቶስ አይደለም። በኋላ የተሠሩት ሌላ ክር የገባባቸው አሉ፤ መልካቸው አንድ ነው። በዓይን አይቼ ለየሁ የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ አትመኑት፤ እኔም በዓይኔ አልለይም። በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ላቦራቶሪ ብቻ ነው የሚለየው። እስኪታወቅ ድረስ የድሮውን ሁሉ አስቤስቶስ እንደሆነ አድርጎ መያዝ ይሻላል።

ክዳኑ ደህና ከሆነ አትንኩት። አትብሱት፣ አትፈግፍጉት፣ በግፊት ውኃ አትጠቡት። ያረጀና ፊቱ የሚፈረፈር ከሆነ ግን ሲሚንቶው ክሩን መልቀቅ ጀምሯልና መውረዱ ግድ ነው። ሲወርድ በውኃ እየረጠበ፣ ሚስማሩ ወይም ቡሎኑ እየተፈታ፣ ሉሁ ሳይሰበር በሙሉነቱ ይወርዳል። ከላይ አይወረወርም። በወፍራም ላስቲክ ሁለት ጊዜ ይጠቀለላል፣ ምልክት ይደረግበታል፣ ለዚህ ወደተፈቀደ ቦታ ይሄዳል። ለአጥር፣ ለዶሮ ቤት፣ ለመንገድ መሙያ አይሰጥም። ይህን ሥራ የሠለጠነ ሰው ቢሠራው ነው የምመርጠው። ደግሞ የሲሚንቶ ክዳን ላይ ረግጦ ተሰብሮበት የሚወድቅ ሰው ብዙ ነው፤ ውድቀቱ 30 ዓመት አይጠብቅም።

ጭምብሉን በተመለከተ፦ የጨርቁም የሐኪም ቤቱም አይሠራም። ለደቃቅ አቧራ የተሠራ፣ ፊት ላይ ገጥሞ የሚይዝ ያስፈልጋል። ጢም ካለ ከጎኑ ያስገባል። ጥሩ ጭምብል ገዝተው በጢም ላይ የሚያጠልቁ ሠራተኞች ሁሌም አያለሁ። ሲነገራቸው ይቀየማሉ፤ ግን ልነግራቸው ይገባል።

ጋራዥ ውስጥ የፍሬን ታምቡሩን ከፍቶ በኮምፕሬሰር መንፋት የተለመደ ነው። የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። ለእውነቱ ከሆነ፣ ከፍሬን የሚወጣው አቧራ ውስጥ ያለው ክር አብዛኛው በግጭቱ ሙቀት ተለውጧል። የባሰው አዲሱን ሸራ ልክ ለማስገባት መሞረድ ወይም መፍጨት ነው። ሁለቱንም በእርጥብ ጨርቅና በውኃ መሥራት ይቻላል፤ የሚጠይቀው ጥቂት ደቂቃ ነው።

የውኃ ቧንቧውም ብዙ ሰው ያስጨንቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውኃ የሚገባ አስቤስቶስ ጉዳት ማድረሱን የሚያሳይ ወጥ ማስረጃ አላገኘም። ስለዚህ ከቧንቧው የሚጠጣው ቤተሰብ ሳይሆን ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ ቧንቧውን በግራይንደር የሚቆርጠው ሠራተኛ ነው የሚያሳስበኝ።

ከዚህ በፊት ቆርጣችሁ፣ አፍርሳችሁ፣ አራግፋችሁ ከሆነ፣ አንድ ቀን የተነፈሰ ሰው ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። አደጋው በመጠኑና በቆይታው ይጨምራል። ሲጋራ የምታጨሱ ከሆነ ግን አቁሙ። ሲጋራና አስቤስቶስ ሲገናኙ የሳንባ ካንሰር ዕድሉ ሁለቱ ተለያይተው ከሚያመጡት ድምር በላይ ይሆናል። ትንፋሽ ማጠር ወይም የማይለቅ ሳል ይዟችሁ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ደግሞ ከ30 ዓመት በፊት ምን ትሠሩ እንደነበር ራሳችሁ ተናገሩ። አሁን ሱቅ ነጋዴ የሆነን ሰው፣ በወጣትነቱ የጣሪያ ሠራተኛ ነበርክ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም እምብዛም አይገኝም።