ካውንስሊንግ ምንድን ነው? ምክር ነው እንዴ?

ጣና ዳር ጀበና ቡና ይዘን ከአንድ ሰልጣኝ መምህር ጋር ተቀምጠናል። ፕራክቲከም (የማስተማር ልምምድ) ላይ ነው፤ እጅጌው ላይ የጠመኔ ብናኝ አለ። እንቅልፍ እምቢ እንዳለው፣ ክፍል ከመግባቱ በፊት ልቡ ድው ድው እንደሚል አወራኝ። «ካውንስሊንግ ቢሮ ለምን አትሄድም?» አልኩት። ሲኒውን አስቀመጠና ሳቀ። «ምነው፣ አበድኩ እንዴ?»

ትንሽ ቆይቶ ከክፍሉ አንዲት ዝምተኛ ልጅ አነሳ። «እሷን ካውንስለር ቢያያት ጥሩ ነበር» አለ። ለተማሪዋ መድኃኒት የሆነው ለእሱ ነውር ሆነ።

ግማሹ ጥፋት የቃሉ ይመስለኛል። ካውንስሊንግን «የምክር አገልግሎት» ብለን ተረጎምነው። ምክር ደግሞ እኛ ዘንድ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ ከአባት፣ ከሽማግሌ፣ ከንስሐ አባት። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» እንል የለ? እንግዲህ ሰው ተግሣጽ ሊቀበል በገዛ እግሩ አይሄድም።

የካውንስለር ሥራ ግን በአብዛኛው መስማት ነው። ይጠይቃል። የሰማውን መልሶ «እንዲህ ማለትህ ነው?» ይላል። ውሳኔውን ለባለቤቱ ይተዋል። መድኃኒት አያዝም፤ ያ የሳይካትሪ (የአእምሮ) ሐኪም ድርሻ ነው። ሕይወት አደጋ ላይ ካልወደቀ በቀር ምስጢር ይጠብቃል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ካርል ሮጀርስ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስፋፋው ይህንኑ ነው፦ አትምራ፣ አድምጥ።

ሰው ለዚህ አገልግሎት ያለው አመለካከትም ይለካል። ተመራማሪዎቹ ፊሸርና ተርነር በ1970 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ባለ 29 ጥያቄ መለኪያ አራት ነገር ያያል፦ እርዳታ እንደሚያስፈልግህ ማወቅ፣ የሰው ወሬን መቻል፣ ሆድን መክፈት፣ ባለሙያውን ማመን። ወዳጄ የመጀመሪያውን አልፏል። እንቅልፍ ማጣቱን ራሱ ነው የነገረኝ። ወሬው ላይ ግን ተያዘ። ባሕር ዳር ደግሞ ፔዳ (ዩኒቨርሲቲው ግቢ) ያላየህ ሰው ጊዮርጊስ ጋ ያይሃል። ሆድ መክፈቱስ? «ሆድ ይፍጀው» እየተባለ ላደገ ልጅ ቀላል አይደለም።

አራተኛው ላይ ስደርስ ግን አፌን አስያዘኝ። «እዚያ ቢሮ የሚቀመጠው እኮ የሚያስተምረኝ ሰውዬ ነው» አለ። «ጠዋት ጉዴን ነግሬው፣ ከሰዓት ውጤት ይሰጠኛል?»

ይህን አመለካከት ብዬ አላልፈውም። ውጤት የሚሰጥ ሰው የተማሪውን ጓዳ መስማት እንደሌለበት ሙያውም ይላል። «እንግዲያው ሌላ ካውንስለር ጠይቅ» አልኩት። ሁለተኛውን ቡና አዘዘ።