የዋይፋይ አክሰስ ፖይንት ሳጥንና የአንቴና አተካከል በአዲስ አበባ ዳርቻ

እንደ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱና የካ አባዶ ባሉ የአዲስ አበባ ዳር ሰፈሮች፣ ከቤት ውጭ የሚሰቀል አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሰራጭ መሣሪያ) አንዱን የኢንተርኔት መስመር ከሕንፃ ወደ ሕንፃ፣ ወይም ከቤት ወደ ግቢና ሱቅ ያዳርሳል። ዕድሜውንና የሚደርስበትን ርቀት ከመሣሪያው ዋጋ ይልቅ የሚወስኑት የተቀመጠበት ሳጥንና አንቴናው የቆመበት ቦታ ናቸው።

አንቴናው ሳጥኑ ውስጥ ከሆነ ሳጥኑ የግድ ፕላስቲክ መሆን አለበት፤ የላሜራ ሳጥን ሞገዱን አፍኖ ያስቀረዋል። ላሜራ የሚሆነው አንቴናው ውጭ ሲወጣ ብቻ ነው። ከፕላስቲክ ደግሞ ፀሐይ እንዲችል የተሠራ ፖሊካርቦኔት ይመረጣል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው ፀሐይ ተራውን የኤሌክትሪክ ስካቶላ አድርቆ ይሰነጥቀዋል፣ የክረምት በረዶ ሲመታው ይሰበራል። ቀለሙ ነጭ ወይም ፈካ ያለ ግራጫ ይሁን። ጥቁር ፕላስቲክ ሙቀት ከመሳቡ በላይ አንዳንዱ በውስጡ ያለው ካርቦን ሞገድ ይውጣል። ይህን ለመለየት ቁራጩን ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ጋር ማይክሮዌቭ ውስጥ ለ30 ሰከንድ ማስገባት ይበቃል፤ ፕላስቲኩ ከጋለ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሳጥኑ ላይ አይፒ 65 ወይም አይፒ 66 የሚል (አቧራና ውሃ የመከላከል ደረጃ) ካለ ለዝናብ በቂ ነው። አይፒ 67 ቁጥሩ ስለበለጠ ብቻ ይሻላል ማለት አይደለም፤ የሚለካው ውሃ ውስጥ በመጥለቅ እንጂ በሚረጭ ውሃ አይደለም።

ብዙ መሣሪያ የሚሞተው ግን በዝናቡ ሳይሆን በጤዛ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይበርዳል፤ የታፈነው አየር ሲቀዘቅዝ በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጠብታ ይሠራና ሰርኪዩቱ ላይ ይወርዳል። መፍትሔው በሳጥኑ ታች 4 ሚሊሜትር ያህል መተንፈሻ መብሳትና ጉንዳንና ተርብ እንዳይገባበት በደቃቅ ወንፊት መሸፈን ነው። ኬብሉም በታች በኩል፣ በሚጠብቅ የጎማ ማስገቢያ ይግባ፤ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ ብሎ ውሃውን እንዲያንጠባጥብ ይተውለት። ከላይ ተበስቶ በሲሊከን የተደፈነ ቀዳዳ ሁለት ክረምት አያልፍም። እንደ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊከንማ መዳቡን ያዝገዋል።

ወደ አንቴናው ስንመጣ፣ ራዲዮውን፣ ማለትም አክሰስ ፖይንቱን፣ ቤት አስቀምጦ ረጅም የአንቴና ኬብል መዘርጋት ትልቅ ኪሳራ ነው። አርጂ 58 የሚባለው ቀጭን ኬብል በ2.4 ጊጋኸርዝ በሜትር 1 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የሞገድ ኃይል ለውጥ መለኪያ) ገደማ ይበላል፤ 10 ሜትር ሲሆን አንቴናው ጋ የሚደርሰው ኃይል አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። የኔትዎርክ ኬብል ግን እስከ 100 ሜትር ያስኬዳል። ስለዚህ ራዲዮው እላይ አንቴናው ሥር ይሰቀልና ዳታውም መብራቱም በኔትዎርክ ኬብል ይውጣለት። ኬብሉ ንጹሕ መዳብ ይሁን፤ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ቮልቴጁን መንገድ ላይ ስለሚጥለው መሣሪያው በየጊዜው እየጠፋ ይነሳል።

ባለ 12 ዲቢአይ (ቁጥሩ ሲጨምር ጨረሩ ይጠባል) ዙሪያ አንቴና፣ ማለትም ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚያሰራጭ፣ ገዝቶ ከጂ+4 ኮንዶሚኒየም ጣሪያ ላይ መትከል የተለመደ ስህተት ነው። የዚህ አንቴና ጨረር ከላይ እስከ ታች 7 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስፋት አለው። ከ15 ሜትር ከፍታ ሲነሳ መሬት የሚነካው ወደ 245 ሜትር ርቆ ነው፤ እሥሩ ያለው ግቢ ደካማ ሲግናል ይደርሰዋል። ባለ 6 ዲቢአይ ከሆነ 70 ሜትር ገደማ ላይ መሬት ይደርሳል፣ ለቅርብ ተጠቃሚም ይሻላል።

በቱሉ ዲምቱና በአቃቂ በኩል ያለው ጥቁር መረሬ አፈር በክረምት አብጦ በበጋ ይሰነጠቃል። እዚያ የተተከለ ምሰሶ 3 ዲግሪ ቢያዘም የጠባቡ ጨረር ግማሹ ወደ ሰማይ፣ ግማሹ ወደ መሬት ይሄዳል። ከመሬት ይልቅ ከግድግዳ ጋር በብሎን ማሰር ይመረጣል። አንቴናው ከቆርቆሮው ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ ይበል፤ ኮርኒስ ላይ፣ ከቆርቆሮ ሥር መደበቅ ዋጋ የለውም።

ሁለት አንቴናዎች ፊት ለፊት ሆነው ሁለት ቦታ ሲያገናኙ መተያየት ብቻ አይበቃም። በ5.8 ጊጋኸርዝ በ1 ኪሎ ሜትር መንገድ፣ መሐል ላይ ከመስመሩ ዙሪያ 2.2 ሜትር ያህል ክፍት መሆን አለበት። የባሕር ዛፍ ጫፍ እዚህ ውስጥ ከገባ፣ በተለይ ቅጠሉ በዝናብ ሲርስ፣ መስመሩ ይደክማል። ዛፉም በየዓመቱ ያድጋል፤ ጥር ላይ የሠራ መስመር ከሁለት ክረምት በኋላ ላይሠራ ይችላል። የሁለቱም አንቴናዎች አቋም፣ ቁም ወይም አግድም፣ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ከተለያየ 20 ዲቢ ያህል ይጠፋል።

ምሰሶው 16 ካሬ ሚሊሜትር በሆነ መዳብ ሽቦ ከሕንፃው የመሬት ሽቦ ጋር ይያያዝ፤ የኔትዎርክ ኬብሉም ቤት ከመግባቱ በፊት በሰርጅ መከላከያ (እንደ መብረቅ ያለ ድንገተኛ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያግድ) ይለፍ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ከፍ ያለ ቮልቴጅም አዳፕተሩን ያቃጥላል፤ በአዳፕተሩና በመሣሪያው መሐል 12 ቮልት ባትሪ መኖሩ ወደ መሣሪያው የሚያልፈውን ያለዝበዋል። ሳጥኑ በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ ተከፍቶ ይታይ፤ ኮኔክተሩ ላይ አረንጓዴ ዝገት ካለ ውሃ መንገድ አግኝቷል ማለት ነው።