«ጣና እኮ ባሕር ነው»፦ ስለ ዓሣና ስለ መንጠቆ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ቅዳሜ ቅዳሜ መንጠቆዬን ይዤ ከጎንደር ጣና ሐይቅ ዳር ወዳለችው ጎርጎራ እወርዳለሁ። በአዘዞና በቆላ ድባ በኩል 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለገበያ አይደለም፤ ለመዝናናት ነው። አንድ ሁለቱን ለቤት እይዛለሁ፣ የቀረውን እመልሳለሁ። ታዲያ ዘንግ ይዤ ያየኝ ሁሉ የሚለው አያጣም። ሚኒባስ ውስጥም፣ ቡና ላይም፣ ሐይቁ ዳርም። ደጋግመው የሚነገሩኝን እነሆ።

«ጣና ባሕር ነው፤ ዓሣው አያልቅም»

ሰፊ መሆኑስ ሰፊ ነው። 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ጥልቀቱ ግን በአማካይ 8 ወይም 9 ሜትር ቢሆን ነው። እንደ ሰሐን ነው፣ እንደ ጉድጓድ አይደለም።

ዋናው ነገር ግን ስፋቱ አይደለም። ዓሣው በውሃው ሁሉ እኩል ተበትኖ አይኖርም። ነጭ ዓሣ የምንለውን ውሰዱ። እኛ በአንድ ስም እንጠራዋለን እንጂ አጥኚዎች 15 ያህል ዓይነት ለይተውበታል። አብዛኞቹ ከጣና ውጭ የትም የሉም፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ለይቶ አስቀርቷቸዋል። ከእነዚህ ቢያንስ ሰባቱ እንቁላላቸውን ሐይቁ ውስጥ አይጥሉም። ክረምት ሲገባ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በድርማ ወንዞች አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ሽቅብ ወጥተው፣ ጠጠር ያለበት ጥርት ያለ ገባር ፈልገው እዚያ ይወልዳሉ።

እንግዲህ አስቡት። ያ ሁሉ ሐይቅ በሐምሌና በነሐሴ ወደ ጥቂት በሮች ይጠብባል። በሩ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው ሐይቁን ሁሉ አጠመደ ማለት ነው።

የፍልሰታ ጾም ደግሞ የሚገባው ልክ በዚያው ወቅት ነው። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተወው። ገበያው ግን ተከራክሮ ጨርሷል፤ በጾም ዓሣ ይፈለጋል። አንድ ነሐሴ ላይ ገዝቼ ቤት ያስገባሁትን ነጭ ዓሣ ሆዱን ስከፍተው ሁለት እፍኝ የሚሞላ ቢጫ እንቁላል ወጣ። ልጄ «ምስር ነው?» አለችኝ። ያን ቀን ወጡ ብዙም አልጣፈጠኝም።

«ዓሣውን የጨረሰው እምቦጭ ነው»

ይህችን በጣም እሰማታለሁ። እምቦጭን ጥፋት የለበትም ልል አይደለም። ውሃውን ይሸፍናል፣ ብርሃን ይከለክላል፣ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይሻማል፣ የደንቢያን ዳርቻ ለጀልባም ለመረብም የማይመች አድርጎታል።

ቀኑ ግን አይገጥምም። እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ያውም በእኛው በመገጭ አፍ አካባቢ። ነጭ ዓሣው መመናመኑ የተለካው ግን ከዚያ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት በባሕር ዳር በኩል ባለው የሐይቁ ክፍል ወንዝ ወጥተው የሚወልዱት ዓሦች በ75 በመቶ ገደማ ቀነሱ። ግልገሎቹማ በ90 በመቶ ገደማ። አጥኚዎቹ ከሁሉ በላይ የጠረጠሩት ሁለት ነገር ነው፦ ለገበያ የሚዘረጋው መረብና ዓሣ ለመግደል ወንዝ ውስጥ የሚጨመረው የብርብራ ፍሬ። እምቦጭን ብቻ መክሰስ ማዕድ ከተነሳ በኋላ የደረሰውን እንግዳ ምግቡን ጨረስክ እንደማለት ነው።

መረብ ድሮም ነበር። የደንገል ታንኳ ይዞ ዳር ዳሩን የሚያሰግር ሰው ግን ሩቅ አይሄድም፣ ብዙም አይጭንም። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ሲገባ ነው ነገሩ የተለወጠው። ከዚያ ወዲህ የትኛውም የወንዝ አፍ ሩቅ አይደለም።

«ብርብራ የዛፍ ፍሬ ነው፤ ኬሚካል አይደለም»

ዛፍ መሆኑ መርዝነቱን አያስቀረውም። የብርብራ ፍሬ ሮቴኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለው። ተፈጭቶ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ዓሣው ኦክስጅን እያለ በኦክስጅን መጠቀም ያቅተዋል። መረብ ቢያንስ ዓይኑ ሰፋ ካለ ትንሹን ያሳልፋል። ብርብራ ግን እናቱንም፣ ጫጩቱንም፣ የሚበሉትን ነፍሳትም አይለይም።

«ከያዝኩት በኋላ ብለቀው ምንም አይሆንም»

ይህ የእኛ የመንጠቆ ሰዎች ጥፋት ነው። እኔም ብዙ ዓመት እንደዚያ አስብ ነበር። ዓሣውን ዳር አውጥቼ፣ ሣር ላይ አጋድሜ፣ ፎቶ አንስቼ፣ ከዚያ ወርውሬ «ሂድ፣ ነፍስህን አተረፍኩ» እል ነበር።

ዓሣ ገላው ላይ የሚያሙለጨልጭ ነገር አለው። ያ ቆሻሻ አይደለም፣ ከበሽታ የሚጠብቀው ልብሱ ነው። በደረቅ እጅ ወይም በፎጣ ስትይዘው ትገፍፈዋለህ። ስለዚህ መጀመሪያ እጅን ውሃ ውስጥ መንከር። ከተቻለ ዓሣውን ጨርሶ ከውሃ አለማውጣት። ስንጥቡን አለመንካት። መንጠቆው ጫፍ ላይ ወደ ኋላ የዞረች እሾህ አለች፤ እሷን ቀድሞ በፒንሳ መደፍጠጥ። አንዳንዱ ያመልጣል፣ እውነት ነው፤ የሚያዘው ግን ሳይቦጨቅ በአንድ ጊዜ ይላቀቃል። መንጠቆውን ውጦት ከሆነ ደግሞ መጎርጎር የለም። ክሩን ከአፉ አጠገብ ቆርጦ መልቀቅ ይሻላል።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው በአምባዛ ምክንያት ይመስለኛል። አምባዛ ከአየርም ይተነፍሳል። ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከተህ ረስተኸው፣ ከሰዓታት በኋላ ስትከፍተው ሲላወስ ታገኘዋለህ። እሱን ያየ ሰው ዓሣ ሁሉ እንደዚያ ጠንካራ ይመስለዋል። ነጭ ዓሣ ግን አምባዛ አይደለም።

«ክረምት ላይ ሁሉም ዓሣ መተው አለበት»

የለም፣ ዓሣ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ቆሮሶ (ቲላፒያ) ወንዝ አይወጣም። እዚያው ሐይቁ ዳር ትወልዳለች፤ እናቲቱ እንቁላሉንም ጫጩቱንም አፏ ውስጥ ይዛ ታሳድጋለች። በነሐሴ ዓሣ ካማረህ ቆሮሶ ጠይቅ። ችግሩ ሥጋው ተገፎ ሲሸጥ ነው፤ ያኔ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሻጩም ላያውቅ ይችላል።

«አንዴ ከተመናመነ አይመለስም»

ይህን የሚያፈርሰው ምሳሌ ከሩቅ አገር ነው። አሜሪካ ውስጥ ቼሳፒክ የሚባል ባሕረ ሰላጤ አለ፤ የወንዞች ጣፋጭ ውሃ ከባሕሩ ጨዋማ ውሃ ጋር የሚቀላቀልበት ሰፊ ቦታ። እዚያ ያለ አንድ ባለ መስመር ትልቅ ዓሣ ልክ እንደኛው ነጭ ዓሣ ወንዝ ወጥቶ ነው የሚወልደው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ መጀመሪያ በጣም ተመናመነ። የሜሪላንድ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1990 ማጥመዱን ጭራሽ ከለከለች። እ.ኤ.አ. በ1995 ዓሣው አገግሟል ተባለ።

ታሪኩ ግን እዚያ አላቆመም። እ.ኤ.አ. በ2019 ያው ዓሣ እንደገና ከልክ በላይ ተጠምዷል ተባለ። በዚህኛው ዙር አብዛኛውን የያዙት መረብ ጣዮች አይደሉም፤ እንደ እኔ ለመዝናናት የሚወጡ ባለ መንጠቆዎች ናቸው። ከሚለቀቁት 100 ዓሦች 9 ያህሉ ይሞታሉ ተብሎ ነው የሚሰላው። ዘጠኝ ትንሽ ይመስላል፣ የሚለቀቀው በሚሊዮን ሲቆጠር ግን ትንሽ አይደለም። ስለዚህ መንጠቆ ላይ ምግብ ሰክቶ ለሚያጠምድ ሰው ክብ መንጠቆ ግዴታ ሆነ፤ ጫፉ ወደ ውስጥ ስለሚዞር ጉሮሮ ሳይሆን ከንፈር ዳር ነው የሚይዘው።

እኔም ጎንደር ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ከውጭ የመጣ ዘመድ አምስት ይዞልኝ መጣ። ሁለቱን ደንገል በላብኝ፤ አሁን ሦስት ቀርተውኛል።